ከእንዶድ የምንማረው፦ ዩኒቨርሲቲና የሀገር ዕውቀት

ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ የገቡ አሉ፤ ለመግባት የሚዘጋጁም ብዙዎች ናቸው። ነገ የጥናት ወረቀት ይዘን አባቶችንና እናቶችን የምንጠይቅ እኛው ነን። ስለዚህ ዕውቀት የማን እንደ ሆነ ከአሁኑ ልናስብበት ይገባል። ለዚህም የእንዶድ ታሪክ መልካም ትምህርት ይሰጠናል።

እናቶቻችን የእንዶድን ፍሬ አድርቀው ይወቅጡታል፤ በውኃ ሲያሹት አረፋ ያወጣል፤ ነጠላውንና ጋቢውንም ያነጣል። ሳሙና በየሱቁ ከመሸጡ በፊት የሀገራችን ሳሙና እርሱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ። የዚህ በሽታ ትል በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አድጎ ይወጣና በቆዳ በኩል ወደ ሰው ይገባል። ዶክተሩም ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ፍሬውንም በቤተ ሙከራ መርምረው ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋገጡ። ከዚያም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለብዙ ዓመታት አጠኑት፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

እንግዲህ ይህን ዕውቀት ያገኘው ማን ነው? አጣቢዎቹ ባይኖሩ ተመራማሪው የሚያየው ነገር አይኖርም ነበር። ተመራማሪውም ባይመጣ የቀንድ አውጣው ሞት ከበሽታው ጋር መገናኘቱ ባልታወቀ ነበር። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ነገር ግን ጥቅሙ ሲከፈል ሁለቱ እኩል አይታዩም። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች «ዜብራ መስል» የተባለ ዛጎል ለበስ ፍጥረት የውኃ ቧንቧዎችን እየደፈነ አስቸግሮ ነበር። እንዶድ እርሱንም እንደሚገድል ታወቀና በአሜሪካ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1993 የባለቤትነት መብት፣ ማለትም ፓተንት፣ አገኘ። በፈልሳፊነት የተመዘገቡት ተመራማሪዎች ናቸው፤ እንዶድን ለትውልድ ያቆየው ሕዝብ ግን በባለመብትነት አልተመዘገበም።

ሀገራችን በ1998 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 482ን አወጣች። አዋጁ የማኅበረሰብን ዕውቀት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የባለቤቶቹን ፈቃድ እንዲያገኝ፣ ከሚገኘው ጥቅምም እንዲያካፍል ያዛል። ሆኖም አዋጅ ብቻውን አይበቃም፤ የሚሠራበት ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ሦስት ነገር እንያዝ።

፩ኛ. ከመጠየቃችን በፊት ለምን እንደምንጠይቅ በግልጽ እንንገር፤ «አልናገርም» ያለንንም እናክብር።

፪ኛ. የነገሩንን ሰዎች ፈቃዳቸው ከሆነ በስማቸው እንጥቀስ፤ «የአካባቢው ነዋሪዎች» ብለን አንለፋቸው።

፫ኛ. ውጤቱን ይዘን እንመለስ። ወረቀቱ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ቢቀር ለጠየቅናቸው እናት ምን ይጠቅማቸዋል? በሚገባቸው ቋንቋ እንንገራቸው፤ ከተሳሳትንም ያርሙናል።

ዩኒቨርሲቲ የሀገርን ዕውቀት ይመረምራል፤ ጎጂውን ከጠቃሚው ይለያል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። መርምሮ የወሰደውን ለባለቤቱ ሲመልስ ግን ሥራው ሙሉ ይሆናል።

ለውይይት፦ በሰፈራችን ያሉ ሽማግሌዎችና እናቶች የሚያውቁት፣ እኛ ግን ጠይቀን የማናውቀው ምን አለ?