ፊዝ በዝ፦ የሥራ ፈተናውና የእኛ ሒሳብ

እኅቴ ከተመረቀች ዓመት ሆኗታል፤ አሁን የቴክኖሎጂ አማካሪ ድርጅት ለመቀጠር እየተዘጋጀች ነው። የፕሮግራም ሠሪዎች ቃለ መጠይቅ ላይ የታወቀ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ፊዝ በዝ» ይባላል። ኮምፒውተሩ ከ1 እስከ 100 ይቁጠር፤ ለ3 ያለ ቀሪ በሚካፈለው ፈንታ «ፊዝ»፣ በ5ቱ ፈንታ «በዝ»፣ ለሁለቱም ከተካፈለ «ፊዝበዝ» ይበል። ቀላል ነው አይደል? ግን ኮምፒውተር የታዘዘውን በተራው ነው የሚሠራው። መጀመሪያ «ለ3 ይካፈላል?» ካልነው፣ 15 ላይ «ፊዝ» ብሎ ዝም ብሎ ያልፋል! ስለዚህ የ3 እና የ5 ትንሹ የጋራ ብዜት፣ ማለትም 15፣ ይቀድማል። እኅቴ ይህን ጮክ ብላ እያስረዳች ነው የምትለማመደው፤ አማካሪ ለደንበኛው ማስረዳትም ሥራው ነዋ። እስከ 100 ስንት «ፊዝበዝ» አለ? መልሱን ለክበባችን አምጡ።