ትምህርት ዘጠኝ፦ የሐይቅ ጉዞ ዕቅድ

የትምህርቱ ዓላማ፦ ተማሪዎች ይህን ትምህርት ሲፈጽሙ የአንድን ጉዞ ዕቅድ በቅደም ተከተል ለመጻፍ፣ ሁኔታን የሚገልጹ ሐረጎችንም በተገቢው ቦታ ለመጠቀም ይችላሉ።

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በመጀመሪያ በለሆሳስ፣ ቀጥሎም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ።

ሲሬ ከባሕር የራቀች የአርሲ አገር ናት። ልጆቿ ከመቅዘፍ ይልቅ ዳገት መውጣትና ቁልቁለት መውረድ ይቀናቸዋል። ነገር ግን ከአርሲ ተራሮች የሚወርደውን ውሃ የሚከተል መንገደኛ ከሐይቅ ዳር መድረሱ አይቀርም። የካታር ወንዝ ከጪላሎና ከጋላማ ተራሮች ተነሥቶ፣ ደንበል ተብሎም ወደሚጠራው ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። የመቂ ወንዝም በሌላ በኩል ይገባበታል፤ የሚተርፈው ውሃ ደግሞ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ሐይቅ ይወርዳል።

ዝዋይ ከባሕር ወለል በላይ 1,636 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ስፋቱም ወደ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ካሉት ደሴቶች ትልቁ ቱሉ ጉዶ ሲሆን፣ በላዩ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም አለ። በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽቶ በዚህ ደሴት እንደ ተጠለለ በትውፊት ይነገራል። የራሱ ቋንቋ ያለው የዛይ ሕዝብም በደሴቶቹና በሐይቁ ዳርቻ ይኖራል።

አንድ የሲሬ ክፍል ይህን ደሴት ለመጎብኘት ቈረጠ እንበል። ዕቅዱን ከየት ይጀምር?

በመጀመሪያ የውሃውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የዝዋይ ጥልቀት ከ10 ሜትር አይበልጥም። ጥልቀቱ ትንሽ ነው ብሎ ሐይቁን መናቅ ግን ታላቅ ስሕተት ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሣ ሞገዱ ፈጥኖ ይቆማል፤ አጭርና ቀጥ ያለ ስለሚሆንም ትንሽ ጀልባን በተከታታይ ይመታል። ጧት እንደ መስታወት ረግቶ የታየው ሐይቅ ከቀትር በኋላ በነፋስ መናወጡ የተለመደ ነው። በክረምት ደግሞ ዝናብና ነጐድጓድ ስለሚበዛ የበጋው ወራት ይመረጣል፤ በበጋም ቢሆን ነፋስ አይጠፋም።

ስለዚህ ሰዓቱን የሚወስነው የተጓዡ ፍላጎት ሳይሆን ነፋሱ ነው። ከሲሬ በዕለቱ ተነሥቶ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ጀልባ መሳፈር ስለማይቻል፣ ተማሪዎቹ በዋዜማው በአዳማ፣ በሞጆና በመቂ በኩል ተጉዘው ባቱ ከተማ ያድራሉ። አንድ ሰዓት ላይ ይነሣሉ፤ አራት ሰዓት ላይ የመልስ ጉዞ ይጀምራሉ፤ ከቀትር በፊት ከዳር ይደርሳሉ።

ቀጥሎ ነዳጁ ይሰላል። መንገዱ 12 ኪሎ ሜትር፣ የጀልባዋም ፍጥነት በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። መሄጃው አንድ ሰዓት ተኩል፣ መመለሻውም ያንኑ ያህል ይሆናል። የሦስት ሰዓት ነዳጅ ብቻ የያዘ ሰው ግን ሲመለስ ነፋስ ከፊቱ ቢመጣና ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ፣ ሞተሩ ከሐይቁ መካከል ይቆማል። ስለዚህ ብልህ ባለጀልባ ነዳጁን ከሦስት ይከፍላል፤ አንዱን ለመሄጃ፣ አንዱን ለመመለሻ፣ አንዱን ለክፉ ቀን። የአራት ሰዓት ተኩል ነዳጅ የያዘ ሰው ሲደርስ የሦስት ሰዓት ነዳጅ ይተርፈዋል፤ በግማሽ ፍጥነትም ቢሆን ከዳር ያደርሰዋል።

ከዚህ በኋላ የተሳፋሪው ቍጥር ከጀልባዋ አቅም በታች መሆኑ ይረጋገጣል። እያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት ይለብሳል፤ መቅዘፊያ፣ ገመድና ውሃ መቅጃ ጣሳ ይያዛል፤ ጉማሬ ከሚውልበት ሸንበቆ መራቅ እንደሚገባም ይነገራል። በባቱ የሚቀር አንድ ሰው የመመለሻውን ሰዓት በጽሑፍ ይቀበላል፤ ሰዓቱ ካለፈም እርዳታ ይጠራል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የመመለስ ውሳኔ ነው። ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ደሴቱ በዓይን እየታየ፣ ጓደኛም «እዚህ ድረስ መጥተን!» እያለ፣ «እንመለስ» ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። በደሴቱም ላይ አንድ ሽማግሌ «ምሳ ሳትቀምሱማ አትሄዱም» ቢሉ እምቢ ማለት ነውር ይመስላል። ውሳኔው አስቀድሞ ከተጻፈ ግን መምህሩ «አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ነፋሱ ሳይነሣ ልጆቹን ማሻገር አለብኝ» ብሎ በአክብሮት ይሰናበታል። በደረቅ መሬት፣ ልብ ሳይሸበር የተወሰነውን በሞገድ መካከል መፈጸም ይቀላል።

ይህ ሥርዓት በሰፊው ባሕርም ይሠራል። በሱማትራ ደሴትና በማላይ ልሳነ ምድር መካከል ማላካ የሚባል ጠባብ የባሕር መተላለፊያ አለ። በዚያ አካባቢ ሞንሱን የተባለው ነፋስ ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ገደማ ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል። በዚህ በሁለተኛው ወቅት «ሱማትራ» የሚሉት ድንገተኛ ዐውሎ ነፋስ ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ መገባደጃ እስከ ረፋድ ይመጣል። በዝዋይ የሚፈራው ከቀትር በኋላ ያለው ጊዜ ሲሆን፣ በማላካ ንጋትም ያስፈራል። ሰዓቱ ይለያያል፤ ሕጉ ግን አንድ ነው፤ መንገደኛ የቦታውን ነፋስ ጠባይ አጥንቶ ይነሣል።

ለ. የቃላት ፍች

በለሆሳስ — በዝቅተኛ ድምፅ
ትውፊት — ከአባቶች በቃል የተወረሰ ነገር
ተናወጠ — ተነቃነቀ፣ ታወከ
ልሳነ ምድር — ወደ ባሕር የገባ ረጅም የብስ

ሐ. ሰዋስው፦ የሁኔታ ሐረግ

ዕቅድ በአብዛኛው የሚጻፈው በሁኔታ ሐረግ ነው። የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

1. ነፋሱ ከበረታ እንመለሳለን።
2. ነፋሱ ቢበረታ እንመለሳለን።
3. ነፋሱ ቢበረታም እንቀጥላለን።
4. ነፋሱ ሳይበረታ ተመልሰን ቢሆን ኖሮ ጀልባዋ ባልሰጠመች ነበር።

በመጀመሪያው «ከ» ከኃላፊ ግሥ ጋር ተጣምሮ ሊሆን የሚችልን ነገር ያመለክታል። በሁለተኛው «ቢ» ነገሩ ሊሆንም ላይሆንም እንደሚችል ይገልጻል። ሁለቱም ለዕቅድ ያገለግላሉ። በሦስተኛው «ም» ብትጨመር ትርጕሙ ተገለበጠ፤ ነፋሱ የመመለስ ምክንያት መሆኑ ቀረና የማይከለክል ነገር ሆነ። አንዲት ፊደል ውሳኔን እንደምትለውጥ አስተውሉ። አራተኛው «ኖሮ» እና «ነበር» ያሉበት ሲሆን፣ ያልተደረገንና ያለፈን ነገር ይናገራል። እርሱ የጸጸት እንጂ የዕቅድ ዐረፍተ ነገር አይደለም። በሁለተኛው መልክ አስቀድሞ የጻፈ ሰው በአራተኛው መልክ ከመናገር ይድናል።

መ. መልመጃ

1. ጥልቀቱ ትንሽ የሆነ ሐይቅ ለትንሽ ጀልባ የሚያሰጋው ለምንድን ነው?
2. ነዳጅ ከሦስት የሚከፈልበትን ምክንያት በስሌት አስረዱ።
3. «እዚህ ድረስ መጥተን!» የሚለው አነጋገር አደገኛ የሚሆነው እንዴት ነው?
4. የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር በ«ከ»፣ በ«ቢ» እና በ«ቢ...ም» ለውጣችሁ ጻፉ፤ የትርጕሙንም ልዩነት ግለጹ፦ «ደመናው ሲጠቍር ጀልባው ከዳር ይቆያል።»

ሠ. ድርሰት

በክረምት የሚሞላ፣ በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ ወንዝ ምረጡ። ወንዙን ተሻግሮ ወደ ገበያ ለሚሄድና በዕለቱ ለሚመለስ ሰው የጉዞ ዕቅድ በሦስት አንቀጽ ጻፉ። በመጀመሪያው የወንዙን ጠባይ፣ በሁለተኛው የመነሻውንና የመመለሻውን ሰዓት፣ በሦስተኛው ሳይሻገር የሚቀርበትን ሁኔታ አስፍሩ። ቢያንስ አራት የሁኔታ ሐረጎች ይኑሩበት፤ «ኖሮ» የሚለው ቃል ግን አይግባበት።