ገመድ መጎተት ሙያ ነው?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ የኔትወርክና የካሜራ ገመድ ከሚዘረጋ ባለሙያ ጋር በረዳትነት እሠራለሁ። እስካሁን ግድግዳ ከመብሳትና ገመድ ከመጎተት አላለፍኩም። ሙያ እየተማርኩ ነው ወይስ ጉልበቴን እየጨረስኩ?

መልስ፦ ጉተታውን አትናቀው፤ ብዙ ብልሽት የሚወለደው እዚያ ነው። ባለ አራት ጥንድ ገመድ ከ11 ኪሎ ግራም በላይ በሆነ ኃይል ከተሳበ የውስጡ ጥምዝ ይዛባል፤ ከላይ ግን ደህና ይመስላል። ከማከፋፈያው እስከ ግድግዳው ሶኬት ከ90 ሜትር አይለፍ። ከ220 ቮልት መስመር ጋርም በአንድ ቱቦ አይግባ።

ጫፍ ማሰሩን ግን ማንም እስኪጋብዝህ አትጠብቅ። ከሥራ የተረፈውን ቁርጥራጭ ሰብስበህ ማታ ማታ ተለማመድ፤ የሽቦዎቹ ቅደም ተከተል፦ ነጭ በብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ በአረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ በሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ በቡናማ፣ ቡናማ። ጥምዙን ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አትፍታ።

ርካሿን መሞከሪያ ደግሞ አትመናት። በሁለቱም ጫፍ ሽቦዎቹን በአንድ ዓይነት የተሳሳተ ቅደም ተከተል ብታስገባቸው መብራቶቿ ከ1 እስከ 8 ያለ እንከን ይበራሉ፤ ጥንዶቹ ስለተለያዩ ግን መስመሩ ይንቀራፈፋል። ደንበኛው የሚደውለው ያኔ ነው።

አዲስ ጥቅልል ሲመጣ ሽቦውን በምላጭ ፋቅ። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ በገመዱ ኃይል ለሚያገኙ ካሜራዎች አይሆንም።

አለቃህን በግልጽ “ጫፍ ልሰር፣ አንተ ፈትሽልኝ” በለው። ደጋግሞ እምቢ ካለህ ሌላ አሠሪ ፈልግ፤ ለብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ስትቀመጥ የምትጠየቀው የእጅ ሥራህን ነው።