የአንድ ሌሊት እንግዳ

አንባቢ ሆይ፤ እንግዳን መቀበል ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። ዘመድ ከሩቅ ሲመጣ እግሩን እናጥባለን፤ መደብ እንለቅለታለን፤ ቡና እናፈላለን። ነገር ግን ስሙን የማናውቀው፥ ነገ ማለዳ ሄዶ ዳግመኛ የማናየው ሰው በከተማችን አንድ ሌሊት ቢያድር ምን ይገባዋል? ዘመዱን የሚያከብር ሰው ብድሩን በሌላ ጊዜ ያገኛል፤ አላፊውን መንገደኛ ለሚያከብር ግን ብድር የሚመልስለት የለም። ስለዚህ የሰው ጠባይ በእውነት የሚፈተነው በአንድ ሌሊት እንግዳ ነው።

እንዲህ ያለው እንግዳ ዛሬ በደጃችን ብዙ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ ጉዞውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ፤ በ1965 ዓ.ም. ወደ ቻይና መብረር ጀመረ። ቦሌም ከጊዜ በኋላ የብዙ አገሮች መንገድ መገናኛ ሆነ። ከጓንግዡ ሸቀጥ ገዝቶ ወደ ምዕራብ አፍሪካ የሚመለስ ነጋዴ በዚህ ያልፋል፤ የሚቀጥለው አይሮፕላን በማግሥቱ የሚነሣ እንደ ሆነም በከተማው ያድራል።

በመንገድ ማረፍ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ነውና አይሮፕላን እጅግ ከባድ ሸክም ይዞ ለመነሣት ይቸገራል። ስለዚህ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አይሮፕላን በ2007 ዓ.ም. ነዳጅ ለመሙላት በደብሊን ማረፍ ጀመረ፤ ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን ከዝቅተኛ ስፍራ ስለሚነሣ ሳያርፍ አዲስ አበባ ለመድረስ ይችላል። ብረት እንኳ ማረፊያ ካስፈለገው፥ ሥጋ ለባሽ ሰው ይልቁን እንዴት አያስፈልገውም?

በሐዋርያት ሥራ 8ኛ ምዕራፍ የአገራችን ሰው ከኢየሩሳሌም ወደ ቤቱ ሲመለስ በጋዛ መንገድ ፊልጶስን እንዳገኘ ተጽፏል። ፊልጶስ አስቀድሞ ጠየቀው፤ ተጋብዞም በሠረገላው አብሮት ተቀመጠ። ሁለቱ ከዚያ በኋላ አልተያዩም፤ መንገደኛው ግን ልቡ ረክቶ ጉዞውን ቀጠለ። ከዚህም አጭር መገናኘት ትንሽ ነገር አለመሆኑን እንማራለን።

እንግዲህ ለአላፊ እንግዳ የሚገባውን በሦስት ነገር እንመልከት።

1ኛ፤ እውነተኛ ዋጋ። እንግዳው የታክሲውንም የሆቴሉንም የምሳውንም ዋጋ አያውቅም። አለማወቁን ተመልክቶ እጥፍ የሚያስከፍለው ሰው ትርፍ ያገኘ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አገሩን ሁሉ ያሰድባል፤ ያ መንገደኛ ከኢትዮጵያ ሰዎች ያወቀው እርሱን ብቻ ነውና።

2ኛ፤ እውነተኛ ሰዓት። እኛ ሰዓትን ከንጋት ጀምረን እንቈጥራለን፤ የአይሮፕላን ቲኬት ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይቈጥራል። እኛ ከጧቱ ሁለት ሰዓት የምንለው በእንግዳው ዘንድ ስምንት ሰዓት ነው። ይህ የስድስት ሰዓት ልዩነት ካልተገለጠለት አይሮፕላኑ ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ ሰዓቱን በእርሱ አቈጣጠር በወረቀት ጻፉለት፤ መኪና በመንገድ ሲጨናነቅ እንዳይዘገይም አስቀድማችሁ አስነሡት።

3ኛ፤ ዝም የሚል ርኅራኄ። ይህ ከሁሉ ይልቅ የራሳችንን ልጆች ይመለከታል። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል። በቦሌ የወረዱት ሁሉ ቤታቸው አዲስ አበባ አልነበረም፤ ለወሎና ለጅማ ልጅ አዲስ አበባ የመንገድ ማደሪያ ናት። ለገጣፎ በደብረ ብርሃንና በደሴ መንገድ፥ ሰበታ በጅማ መንገድ፥ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፥ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ይገኛሉ። እንግዲህ በእነዚህ ከተሞች የምንኖር ሁላችን በተመላሾች መንገድ ዳር የተቀመጥን ነን።

በዓረብ አገር ብዙ ዓመት አገልግላ የምትመለስ እኅት ለአንዲት ሌሊት ከቤታችሁ ብታድር፥ ምን ይዘሽ መጣሽ ብላችሁ አትጠይቋት። ምናልባት ደመወዝዋን ተከልክላ ይሆናል፤ ምናልባት ባዶ እጅዋን በእናትዋ ፊት እንዴት እንደምትቆም እያሰበች እንቅልፍ አጥታ ይሆናል። ውኃ አሙቁላት፤ እንጀራ አቅርቡላት፤ ወደ አገርዋ የሚሄደው መኪና ከሚነሣበት ስፍራ ራሳችሁ አድርሷት። ለመናገር ከወደደች ስሟት፤ ዝም ካለችም ዝምታዋን አክብሩላት። ቤትዋ ሳትደርስ ሌላ ውል የሚያቀርብላትን ደላላ ግን ከደጃችሁ አርቁት።

አንዳንድ ሰው፥ እኔ ድሀ ነኝ፤ ለእንግዳ የሚሆን ምን አለኝ? ይላል። ነገር ግን እውነተኛ ዋጋ መጥራት ገንዘብ አያስወጣም፤ ሰዓት መንገርም፥ ከክፉ ጥያቄ አንደበትን መግታትም እንዲሁ ነው። እነዚህን ለመስጠት የማይችል ድሀ የለም።

ለማሰላሰል የሚሆኑ ጥያቄዎች፤

1. ብድር ሊመልስልን ለማይችል ሰው በዚህ ወር ምን አደረግን?
2. በቤታችን ያደረ መንገደኛ ስለ ከተማችን በአገሩ ምን ብሎ ይናገር ይሆን?
3. ልጃችን ዛሬ ሌሊት በባዕድ ከተማ ብታድር፥ ሰዎች እንዴት እንዲቀበሏት እንወዳለን?