«ዤልቫ» እና ጀልባ፦ ስለ አንድ የፖርቱጋልኛ የባሕር ቃል አመጣጥ

በ16ኛው ክፍለ ዘመን የፖርቱጋል ጽሑፎች «ዤልቫ» ወይም «ዤልባ» የሚባለው በቀይ ባሕር ሰውና ሸቀጥ የሚያመላልስ ትንሽ መርከብ ነው። ለአማርኛ አንባቢ ቃሉ እንግዳ አይደለም፤ የእኛው «ጀልባ» ነው። ጥያቄው ማን ከማን ወሰደ የሚለው ነው። የድምፅ መመሳሰልን ብቻ የተከተለ ሰው ቃሉን «ጋሌዮታ» ከሚለው የፖርቱጋልኛ የመርከብ ስም ሊያወጣው ይችል ይሆናል፤ ዘመኑ ግን አይፈቅድለትም። ኢብን ጁበይር እ.ኤ.አ. በ1183 በአይዛብ ወደብ ያያቸውን መርከቦች በዐረብኛ በዚሁ ስም ይጠራቸዋል፤ ቫስኮ ዳ ጋማ ህንድ የደረሰው በ1498 ነው። እንደ እርሱ ገለጻ መርከቦቹ ሚስማር የላቸውም፤ ሳንቃዎቻቸው በኮኮናት ቃጫ ገመድ የተሰፉ ናቸው፤ እንጨቱም ከህንድና ከየመን የሚመጣ ነው።

እንግዲህ ፖርቱጋልኛም አማርኛም ከዐረብኛ ተውሰዋል ማለት ይቻላል። የዐረብኛው ምንጭ ግን አልጠራም። «ጀለበ»፣ ማለትም ከሌላ ስፍራ አመጣ፣ ከሚለው ግስ ጋር ማዛመዱ በትርጉም ይስማማል። ሆኖም ቁሳቁሱ ከባሕር ማዶ የመጣ መርከብ ስሙንም ይዞ መጥቶ፣ ዐረብኛ ተናጋሪው የሰማውን እንግዳ ስም ከሚያውቀው ግስ ጋር አስማምቶት ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት የህንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ቋንቋዎችን የመርከብ ስሞች መመርመር ያሻል።