ለሠርግ አንሺው አትሽጣት

«ንጹሕ ማቪክ ፕሮ ድሮን፣ ከሦስት ባትሪ ጋር፣ ምንም ችግር የሌለባት» ብለህ ቴሌግራም ላይ ስትጽፍ ከኋላህ ቆሜ እያነበብኩ ነበር። ትከሻህን ነካ ሳደርግህ ስልኩን ገለበጥከው። አትገልብጠው፣ እህትህ ነኝ። በመጀመሪያ «ምንም ችግር የሌለባት» የምትለዋን አጥፋት። እኔም በዚችው ቃል የገዛኋት ፕሪንተር ነበረች፤ ዛሬ ፎቶ ቤቴ ውስጥ የአበባ ማስቀመጫ ሆናለች። ዋጋውን ኋላ እናየዋለን። አሁን ቡናው እስኪፈላ ቁጭ በል።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ «እሸጣታለሁ»፣ ጠዋት «አልሸጣትም» ስትል ሰነበትክ። ያስቸገረህ ፍቅሯ ይመስልሃል። እኔ ግን ዕድሜዋን ስላልገመትከው ይመስለኛል። ዶርዜ ያለውን የአያታችንን ቤት አስታውስ። ዕቃ እንዴት እንደሚያረጅ የተማርነው ከዚያ ቤት ነው። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው ቀርከሃ ይቆረጥና ቤቱ ያን ያህል ያጥራል። ዝሆን የመሰለው ቤት ዓመት በዓመት ቁልቁል ይወርዳል፣ በሩም አብሮ ይወርዳል፤ አያታችን ቀና ብለው ይገቡበት የነበረውን በር በስተርጅናቸው ጎንበስ ብለው ነው የገቡበት። ቦታ መለወጥ ካስፈለገም ጎረቤት ተጠርቶ ከነቁመቱ በሸክም ይሄዳል። ዕድሜውን ከሩቅ ሆነህ ትለካዋለህ፣ ቤቱ ራሱ ይነግርሃል። ድሮን ግን አትነግርህም። የዛሬ ስድስት ዓመት ከገዛሃት ቀን ጋር መልኳ አንድ ነው፤ ግራጫዋም አልደበዘዘም። እንደዚሁ አምራ ቆይታ አንድ ቀን አየር ላይ ሳለች ታበቃለች።

ስንት ዓመቷ እንደሆነ ታውቃለህ? ያንተ አይደለም፣ የሞዴሏ። ዲጄአይ ማቪክ ፕሮን ለዓለም ያሳወቀው በእኛ አቆጣጠር መስከረም 17 ቀን 2009 ነው። አዎ፣ በመስቀል ዕለት። ጨንቻ ላይ ደመራ አልፎ ሥጋ በሚቆረጥበት ቀን ኒው ዮርክ ላይ የምትታጠፍ ድሮን ተመረቀች። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ስንት አዲስ ሞዴል አወጣ! የአንተዋን መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ «አዲስ» ተብሎ የሚሸጥልህ ባትሪ እንኳ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ያረጀ ነው። ሊቲየም ባትሪ ሳትነካውም ያረጃል።

ይልቅ ወደ ባትሪዎቹ እንምጣ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ፋብሪካው ነፋስ በሌለበት እስከ 27 ደቂቃ ትበራለች ይላል። ያንተዋ በ11 ደቂቃ «ልውረድ» ትልሃለች። ለባትሪው አምራቹ የሚሰጠው ዋስትና 6 ወር ነው፣ እሱም ከ200 ሙሌት በታች ከሆነ። አንተ ስድስት ዓመት ሙሉ ሞላህ። እንዴት እንደምትሞላ ደግሞ አይቻለሁ። ባትሪው ብልህ ነው፤ 10 ቀን ካልተነካ ራሱን ቀስ እያለ ያራግፋል፣ ምክንያቱም ሙሉ ሆኖ መቀመጥ ይጎዳዋል። አንተ ግን «ምናልባት ሥራ ቢመጣ» እያልክ ዓርብ ዓርብ ጢም አድርገህ ትሞላውና ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር ታስቀምጠዋለህ። የአርባ ምንጭ ሲቀላን የየካቲት ሙቀት አላውቀው! ሙሉ ባትሪና ሙቀት አንድ ላይ ሲሆኑ የከፋ ነው። ከሦስቱ አንዱ አብጧል፤ ከማረፊያው በጡጫ እንደምታስገባው ሰምቻለሁ። ያበጠ ባትሪ መቆለፊያው በደንብ ካልያዘው አየር ላይ ተፈናጥሮ ይወጣል። ያኔ ድሮኗ ድንጋይ ናት።

ለዚህ ነው «አልሸጣትም፣ ትቀመጥ» ስትል የምስቀው። ቁም ሳጥን ላይ ማስቀመጥ ውሳኔ አይደለም። ቆሞ የሚበላ በሬ ነው፤ አያርስም፣ ዋጋውም በየወሩ ይወርዳል። ወይ ታበርራታለህ ወይ ትለያታለህ።

ታበርራታለህ እንበል። የበረራ መዝገቡን ክፈትና አሳየኝ። ባለፈው ዓመት 14 በረራ። ዘጠኙ ሠርግ ላይ፣ ሁለቱ መስቀል ላይ፣ አንዱ ጫሞ ሐይቅ ላይ፣ ሁለቱ ጨንቻ እንሰት ላይ። እንግዲህ ራስህ ቁጠር፤ ከ14ቱ 11ዱ ከሰው ራስ በላይ ናቸው። «ለመዝናናት ነው» የምትለኝ በረራ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ነው። እሷ 734 ግራም ትመዝናለች፣ ሦስት ሩብ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ከ20 ሜትር ብትወድቅ አየር ካልገታት በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር እየሮጠች ነው የምትደርሰው። ሙሽሪት ላይ፣ ሚዜው ላይ፣ እልል የሚሉት እናቶች ላይ።

ይህን ጊዜ ማን ይከፍላል? የሠፈራችን ባጃጅ ሹፌር እንኳ የሦስተኛ ወገን መድን አለው፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታው ነው። አንተ የለህም። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 አንብበው፤ አጭር ነው። የማሽን ወይም የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ዕቃው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል፣ ያልፈቀደለት ሰው ሲያንቀሳቅሰው ቢሆን እንኳ። ያንተ ጥፋት መኖር አለመኖሩ ገና ሳይጠየቅ። ድሮን ማሽን አይደለችም ብሎ የሚከራከርልህ ጠበቃ ታገኝ ይሆናል፤ የጠበቃውን ሂሳብ ግን ከየት ታመጣለህ? ባለፈው ለጓደኛህ ያዋስካት ጊዜ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንተ አታውቅም፣ አልነገርኩህም።

«ሽማግሌ ይገባበታል» ትለኛለህ። እውነት ነው፣ የጋሞ ሽማግሌ ነገር ያበርዳል። በ2011 መጀመሪያ ቡራዩ ላይ ወገኖቻችን ሲገደሉና ሲፈናቀሉ፣ አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል የተነሣውን ወጣት እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የመለሱት እነሱ ናቸው። አገር ሁሉ አይቶ ተገረመ። ያ ሣር የሚያዘው ግን ለእልቂት ማብረጃ ነው። ያበጠ ባትሪ በጡጫ አስገብቶ ሰው ራስ ላይ ላበረረ ልጅ ያን ክብር አትጥራብኝ፤ የሆስፒታል ሂሳብም በሣር አይከፈልም።

ሌላው ወረቀት ነው። ድሮን አገር ውስጥ ለማስገባት ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቦሌ ላይ ያለ ፈቃድ የመጣ ቱሪስት ድሮኑን ለጉምሩክ ትቶ እንደሚገባ አስጎብኚዎቹ ሁሉ ያውቃሉ። ያንተዋ ስትገባ የነበራት ወረቀት መጀመሪያ ባስገባት ስቱዲዮ ስም ነው፤ አንተ ከእነሱ ስትገዛ የተጻፈ ነገር የለም፤ ጨብጠህ መጣህ። ይህ ሊብሬው ያልዞረ መኪና ማለት ነው። መኪና እንዲህ ይዞ የሚኖር ሰው ፖሊስ በፉጨት ባስቆመው ቁጥር ሆዱ ይንቦጫቦጫል። አንተም ካሁን በኋላ በስምህ ፈቃድ እስክትይዝ ድረስ አታብርራት። ይህን ምክር ብለህ አትውሰደው፣ ትእዛዝ ነው።

የጫሞውን ነገር አሁን ሳነሣው እንኳ ይሰቀጥጠኛል። ከጀልባ ላይ ነበር ያስነሣሃት፤ አዞዎቹ የሚሰበሰቡበትን «አዞ ገበያ» ለመቅረጽ። አንደኛ፣ ያ ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ ፓርክ ውስጥ መቅረጽ ለብቻው ፈቃድ ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ እሷ «ቤቴ» ብላ የምትመዘግበው የተነሣችበትን ነጥብ ነው። ጀልባው ይንሳፈፋል፣ ነጥቡ ግን ባለበት ይቀራል። ግንኙነቱ ቢቋረጥ ወደ አንተ አትመለስም፤ ጀልባው ቀድሞ ወደነበረበት ውሃ ተመልሳ ተረጋግታ ታርፋለች። ከሆዷ ሥር ያሉት ካሜራዎች ደግሞ መሬት እያዩ ነው ከፍታዋን የሚጠብቁት፤ የሚያብረቀርቅ ውሃ ይሸውዳቸዋል፣ መመሪያው ራሱ ይላል። ያን ቀን በሰላም የመጣችው ባንተ ችሎታ እንዳይመስልህ። አዞዎቹ ጠገብ ብለው ይሆናል። አውሮፕላን ማረፊያው ደግሞ ከሲቀላ የደቂቃዎች መንገድ መሆኑን አትርሳ፤ ኪው400 አውሮፕላን ለማረፍ ዝቅ ሲል አንተ በጓሮ «ትንሽ ልሞክራት» የምትለው ጨዋታ ጨዋታ አይደለም።

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ጨንቻ ላይ ያነሣሃቸው ሁለቱ ቪዲዮዎች። አባባ በማለዳ ጭጋግ ውስጥ ከእንሰቱ መሃል ጋቢ ለብሰው ሲወጡ፣ ድሮኗን ሲያዩ ዱላቸውን ሲያነሡባት። እኔም ሳየው እስቃለሁ፣ ከዚያ አለቅሳለሁ። እሱ ሜሞሪ ካርዱ ላይ ነው። ዛሬውኑ ሁለት ቦታ ገልብጠው፤ አንዱን ለእኔ ስጠኝ። ሌላ የምለው የለኝም።

ዋጋ። ዛሬ በ2012 ከገዛህበት ብር በላይ ቢሰጡህ «አተረፍኩ» ልትል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በብር የጨመረ ሁሉ ትርፍ አይደለም። የምትገዛው ባትሪ ሁሉ የዶላር ዕቃ ነው፤ ሁለት ባትሪ ቀይረህ ላቆያት ካልክ ለአሮጊት አዲስ ጥርስ ማስተከል ነው። የካሜራዋ ሪባን ኬብልም ስስ ነው፤ የዚህች ሞዴል ካሜራ ሲነካካ ቶሎ የሚበጠሰው እሱ ነው። ያ ሁሉ ወጪ ወጥቶ የምታገኘው የ2009 ሞዴል ነው።

እንግዲህ ሁለት ገዢ አለህ። አንዱ የሠርግ ቪዲዮ አንሺው፤ ጥሩ ዋጋ ሰጥቷል፣ እሑድ ሠርግ ስላለበት ቸኩሏል። ሌላው አዲስ አበባ ያለው ጠጋኝ፤ ለዕቃ አካሏ ነው የሚፈልጋት፤ ሞተሮቹን፣ ሪሞቱን፣ ካሜራዋን ነቅሎ የሌላ ሰው ሊጠግንባት። የሰጠህ ዋጋ ከፊተኛው በደንብ ያንሳል። አየሁት፣ ለዚህ ነው ስልኩን የገለበጥከው።

ለጠጋኙ ሽጥ።

ምክንያቱ ካልገባህ እደግመዋለሁ። ለሠርግ አንሺው ከሸጥካት ያንተ ሥጋት አይጠፋም፣ ራስ ነው የሚለውጠው። የሚወድቅበት ሰው የሰው ልጅ ነው፤ ምናልባትም የምናውቀው፤ አርባ ምንጭ ትንሽ ናት። ወረቀቷም ያልዞረ ስለሆነ «የማን ነበረች?» ሲባል ጣቱ ወደ ማን እንደሚዞር ታውቃለህ። በዚያ ላይ ገንዘቡን ስትቀበል ባትሪውን አትነግረውም። አውቅሃለሁ፤ ቸኩሎ የሚገዛ ሰው ፊት እውነት የምትናገርበት አንጀት የለህም። ጠጋኙ ግን ሁሉንም ያውቃል፣ አይታለልም፣ አንተም አትዋሽም። እሷም ዳግመኛ ከሰው በላይ አትወጣም።

በእንሰት መሃል ብቻ፣ ሰው በሌለበት፣ ፈቃድ ይዘህ፣ ደህና ባትሪ ኖሮህ የምታበርራት ብትሆን ኖሮ «አቆያት» እልህ ነበር። መዝገቡ ግን እንዲህ አላለም። ሁለት ከ14።

ስትሸጥ ውል ይኑር። የሴሪያል ቁጥሯ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ስንት ባትሪ እንዳስረከብክና እያንዳንዱ ስንት ጊዜ እንደተሞላ፣ ለመለዋወጫነት እንደተሸጠች በግልጽ ይጻፍ። ሁለት ምስክር ይፈርም። የስቱዲዮውን ወረቀት ቅጂ ከውሉ ጋር አያይዘው። አካውንትህን ከስልኩ አውጣ፣ ሜሞሪ ካርዱን ንቀል። የሰው ግቢ፣ የሰው ሙሽራ የቀረጽከው አብሮ እንዳይሸጥ፤ የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይወጣ ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 ላይ አለ።

ያበጠውን ባትሪ አትሽጠው፣ በነጻም አትስጠው። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አትጣለው፤ ቆሻሻችንን እሳት እንደምንለቅበት ታውቃለህ። አሸዋ በሞላ ጣሳ ውስጥ ቅበረውና ከቤት ውጭ፣ ከጥላ ሥር አስቀምጠው፣ መፍትሔ እስክንፈልግለት።

ቡናው ፈልቷል። ማስታወቂያውን አጥፋና ለጠጋኙ ደውል። ቅዳሜ ከጨንቻ ገበያ ስትወርድ ፎቶ ቤቱ ጋ እለፍ፣ ውሉን እኔ እጽፍልሃለሁ። ያን ባትሪ ግን ሚኒባስ ውስጥ ይዘህ እንዳትሳፈር።