በሥራ ላይ ያለ የጃቫ ፕሮግራም ቅንብሮችን መመርመር

አንድ የጃቫ ፕሮግራም የአማርኛ ስሞችን ወደ ፋይል ሲጽፍ እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ቢተካ፣ ጥርጣሬው በቅድሚያ በኮዱ ላይ ያርፋል። ያው ኮድ በአልሚው ኮምፒውተር ላይ በትክክል የሚሠራ ከሆነ ግን ምክንያቱን ፕሮግራሙ በተነሣበት ቅንብር ውስጥ መፈለግ ያሻል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፕሮግራሙን ሳያቋርጡ ቅንብሩን መመርመር የሚቻልበትን መንገድ ማሳየት ነው።

የቅንብር ዋጋ ከማስነሻ ትእዛዙ፣ ከአካባቢ ተለዋዋጮች ወይም ከጃቫ ምናባዊ ማሽን የራሱ ውሳኔ ሊመነጭ ይችላል። ለምሳሌ የሂፕ ከፍተኛ መጠን ካልተገለጸ፣ ማሽኑ በተለመደው ሁኔታ ካለው ማኅደረ ትውስታ አንድ አራተኛውን ይወስናል። ስለሆነም የማስነሻ ስክሪፕቱን ማንበብ ብቻውን በቂ አይደለም።

ከጄዲኬ 7 ጀምሮ የሚገኘው ጄሲኤምዲ የተባለው መሣሪያ ይህን ክፍተት ይሞላል። ከሂደቱ መለያ ቁጥር ጋር «ቪኤም.ፍላግስ» ሲሰጠው የማሽኑን አማራጮች፣ «ቪኤም.ሲስተም_ፕሮፐርቲስ» ሲሰጠው የሥርዓት ባሕርያትን፣ «ቪኤም.ኮማንድ_ላይን» ሲሰጠው ፕሮግራሙ የተነሣበትን ትእዛዝ ያሳያል። መርማሪው በመደበኛነት ሂደቱን ባስነሣው የተጠቃሚ መለያ መሥራት አለበት። ጄኢንፎ የተባለው መሣሪያ ደግሞ በሥራ ላይ ሊለወጡ የሚችሉትን ጥቂት አማራጮች ለመለወጥ ያስችላል።

ከላይ በተጠቀሰው ችግር መታየት ያለበት ባሕርይ «ፋይል.ኢንኮዲንግ» ነው። ከጃቫ 18 (2022 እ.ኤ.አ.) በፊት ነባሪው የፊደል አመዘጋገብ በስርዓተ ክወናው የቋንቋ ቅንብር ይወሰን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዩቲኤፍ-8 ሆኗል። በቀድሞዎቹ ስሪቶች፣ የቋንቋ ቅንብር ባልተሰጠው የሊኑክስ ሰርቨር ላይ ነባሪው አስኪ ሊሆን ይችላል፤ አስኪም የግዕዝ ፊደላትን አይዝም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማሽኑ ይህን ባሕርይ የሚያነበው ሲነሣ ነው። ፕሮግራሙ ኋላ በራሱ ኮድ ቢለውጠው፣ መሣሪያው አዲሱን ዋጋ ያሳያል፤ ነባሪው አመዘጋገብ ግን እንደነበረ ይቀጥላል። ስለዚህ የሚታየው ዋጋ በማስነሻ ትእዛዙ ላይ ካለው ጋር መነጻጸር አለበት።

መፍትሔው ፕሮግራሙን በዩቲኤፍ-8 ዳግም ማስነሣት፣ በዘላቂነትም አመዘጋገቡን በኮዱ ውስጥ በግልጽ መጥቀስ ነው። ሆኖም በጥያቄ ምልክት የተተካ ስም ከፋይሉ ተመልሶ አይነበብም፤ ከምንጩ እንደገና መወሰድ ይኖርበታል። ምርመራው ከመጀመሪያው መዝገብ በፊት መደረግ ያለበትም ስለዚህ ነው።